ቻርት ሞራ አይደለም

ይህ ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ የካ አባዶ፣ በእኛ ብሎክ ኮሚናል ውስጥ ለሰፈሩ ወጣቶች ስለ ቻርት፣ የአክሲዮን ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ስለሚያሳየው መስመር፣ ያደረግሁት ንግግር ነው። ያልተገኙ ሰዎች ጻፍልን ስላሉኝ ከማስታወሻዬና አንዱ ልጅ በስልኩ ከቀዳው ድምፅ አቀናብሬዋለሁ። የተደጋገመውን ቆርጫለሁ፤ የጥያቄና የመልሱን ክፍል ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። እንደምታዩት መብራት የለም። ፕሮጀክተር ከመሥሪያ ቤት ተውሼ፣ 40 ስላይድ አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። አሁን ያለኝ ይህ የፍሪጅ ካርቶንና አንድ ማርከር ነው። ማርከሩም ሊያልቅ ነው መሰለኝ። ከኋላ ያላችሁ ወንበራችሁን ሳብ አድርጋችሁ ቅረቡ።

በር ላይ የእድራችን ዳኛ አስቁመውኝ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ይህ ቻርት የምትሉት ነገር ሞራ ከማየት በምን ይለያል?» አሉኝ። ሳቅሁ። ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ግን ሳቁ ጠፋ፤ ምክንያቱም ካዘጋጀኋቸው 40 ስላይዶች አንዱም ይህን አይመልስም። ስለዚህ ስላይዱን ትተን የጋሼን ጥያቄ እንያዝ።

ሞራ ገላጭ ምን ያደርጋል? በጉ ታርዶ ሞራው ሲዘረጋ መስመሩንና ነጠብጣቡን ያያል፤ ከዚያ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት እንደሚሆን፣ የቤቱ ጌታ ይክረም አይክረም ይናገራል። ትሬደሩም፣ ቻርት እያየ የሚገዛ የሚሸጠው፣ ስክሪኑ ላይ መስመር ያሰምራል፤ «እዚህ ጋ ከደረሰ ይመለሳል፣ ከሰበረ ይሄዳል» ይላል። ሁለቱም መስመር አይተው ስለ ነገ ነው የሚያወሩት። ሁለቱም ሲሳሳቱ ምክንያት አያጡም። ጋሼ ልክ ናቸው፤ ከሩቅ ላየው አንድ ነው።

እንዲያውም መጀመሪያ ጋሼን ላግዛቸው። ማን ጋ 1 ብር ሳንቲም አለ? ጎሽ፣ አንተ ና እዚህ። አንበሳው ከመጣ መስመሩን አንድ ወደ ላይ እሰዳለሁ፤ ሚዛኑ ከመጣ አንድ ወደ ታች። ከ100 እንጀምራለን። ወርውር።

(60 ጊዜ ወረወረ። አዳራሹ በየውርወራው «አንበሳ!» «ሚዛን!» እያለ ይጮኻል። እኔ ካርቶኑ ላይ እሥላለሁ። መስመሩ ሲወጣ ሲወርድ ቆይቶ 109 ደረሰ፤ ወደ 103 ወረደ፤ እንደገና 109 ነክቶ ተመለሰ፤ ሲያበቃ 98 ላይ ቆመ። ከኋላ አንድ ልጅ ከወንበሩ ተነሥቶ «ደብል ቶፕ ነው!» አለ።)

ሰማችሁት? ደብል ቶፕ አለ፤ ዋጋው አንድ ጫፍ ሁለት ጊዜ ነክቶ ከተመለሰ ይወድቃል የሚባልበት ቅርጽ ነው። ልጁ ኮርስ ወስዷል፣ ያየውም ነገር ካርቶኑ ላይ አለ፤ አልዋሸም። ግን ይህ ሳንቲም ነው። ቀጥሎ የሚመጣው አንበሳ ይሁን ሚዛን፣ ያ ሁለት ጊዜ 109 የነካው ጫፍ አንዳች አይነግረንም። ሳንቲም ትናንት ምን እንደመጣበት አያስታውስም። ሉዊ ባሽሊዬ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1900 ፓሪስ ላይ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የገበያ ዋጋ ልክ እንዲህ እንደ ዕድል ጨዋታ ሊሰላ እንደሚችል አሳይቷል። ከ60 ዓመታት በላይ ቆይቶ ዩጂን ፋማ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ፣ የሚታወቅ ነገር ሁሉ ቀድሞ ዋጋው ውስጥ ገብቷልና ያለፈውን ዋጋ እያዩ ትርፍ መፈለግ ከንቱ ነው የሚለውን ሐሳብ አጸናው። በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሰጠው። የሚገርመው ግን በዚያው ዓመት ያንኑ ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሮበርት ሺለር ነው፤ የአክሲዮን ዋጋ የኩባንያዎቹ ገቢ ከሚያስረዳው በላይ ሰው በስሜት እንደሚያወዛውዘው ያሳየ ሰው። ሸላሚዎቹም ሁለቱንም ይዘው አደሩ።

እንግዲህ ቻርት የሳንቲም መስመር ከሆነ ጋሼ አሸንፈዋል፣ እኛም ወደ ቤታችን እንሂድ። ካልሆነ ግን ከሳንቲሙ የሚለየው አንድ ነገር መኖር አለበት። አለ፤ እሱም ትዝታ ነው። በጉ ስለ ዝናቡ የሚያውቀው የለም። ሳንቲሙም ስለ ትናንት አያውቅም። ቻርት ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ ግን ሁለት ሰዎች ገንዘብ አውጥተው የተገናኙባት ቦታ ናት፤ አንዱ ሸጧል፣ አንዱ ገዝቷል። ሁለቱም ዋጋዋን አይረሷትም፤ ነገም ተመልሰው ይመጣሉ።

ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከካራ የበግ ገበያ ነው የተረዳሁት። እዚሁ ቅርባችን።

አምና ለፋሲካ በግ ልገዛ ሐሙስ ዕለት ሄድኩ። አምስት በግ ይዞ የቆመ ሰውዬ አለ፤ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ። አንዱን በግ ወገቡን ዳሰስኩ፣ ላቱን አየሁ፤ ወደድኩት። 15,000 ጠራ። እኔ ገና ሳልናገር አጠገቤ ያለው ገዢ 13,000 አለው። ሰውዬው ፊቱን አዞረ፤ «ሂድ ወንድሜ፣ ዓርብ ና» አለው። እኔም ነገ ይረክሳል ብዬ ሄድኩ። ዓርብ ከሰዓት በደብረ ብርሃን መንገድ በግ የጫነ አይሱዙ በላይ በላዩ ገባ። ያው በግ 11,000 ይለመናል። አልገዛሁም፤ ገና ይወርዳል አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ስመለስ የከተማው ሰው ሁሉ ወጥቷል፤ ዋጋው 12,000፣ 12,500 እያለ ይወጣል። አንድ ሰው 13,000 ሲል የኔ ሰውዬ ገመዱን ከእጁ ሊጥለው ምንም አልቀረው። «ሐሙስ ያመለጠችኝ ናት» አለኝ በኋላ፣ ብሩን እየቆጠረ።

አሁን አስቡት። ሐሙስ 13,000ን እምቢ ብሎ ዓርብ የተቆጨ ሻጭ እሱ ብቻ ነው? መስኩ ሞልቶ ነበር። ሁሉም ቅዳሜ ዋጋው 13,000 ሲደርስ እኩል እጃቸውን ዘረጉ፤ ስለዚህ ዋጋው እዚያ ጋ ሄዶ ገተረ። ከላይ ጣሪያ ያለ ይመስላል። ቻርት ላይ ሬዚስታንስ የምንለው ይኸው ነው። ታች በኩል ደግሞ እኔ አለሁ። ዓርብ 11,000ን አሳልፌ ቅዳሜ ጣቴን የነከስኩ። ዋጋው ተመልሶ 11,000 ቢደርስ ሳልከራከር እገዛለሁ፤ እንደኔ የተቆጨውም ሁሉ ይገዛል። ይህ ሰፖርት ነው። መስመሩን የሚያሰምረው ትሬደሩ አይደለም፤ የሰዉ ቁጭት ነው። ትሬደሩ ቁጭቱ የት ጋ እንዳለ ነው የሚፈልገው። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው ለገበያም ይሠራል።

ይህ የካራ ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሸፍሪንና ስታትማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ሰው ያተረፈበትን አክሲዮን ቶሎ እንደሚሸጥ፣ የከሰረበትን ግን አቅፎ እንደሚቀመጥ ጻፉ። በ1998 ቴራንስ ኦዲን በአንድ የአሜሪካ ደላላ ድርጅት ውስጥ የነበሩ 10,000 ሒሳቦችን ፈትሾ ነገሩ እውነት መሆኑን አረጋገጠ። የሚቆጥሩት አክሲዮኑ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ሳይሆን እነሱ በስንት እንደገዙት ነው። «ዋጋዬን ካላገኘሁ አልሸጥም» የምትለዋ ቃል በእንግሊዝኛም አለች ማለት ነው።

ከዚህች ጠባይ ውስጥ ደግሞ ትሬንድ ይወለዳል። እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ፣ ዋናው ነገር ነው። በ100 ብር የሚሸጥ አክሲዮን አለ እንበል። ጥሩ ወሬ መጣ፤ በትክክል ቢሰላ አሁን 130 ያወጣል። ገበያው ፍጹም ቢሆን በአንዴ ዘሎ 130 ይቀመጥ ነበር። ግን በ100 የገዙት ሰዎች 108 ሲያዩ «ትርፌን ልያዝ» ብለው ይሸጣሉ፤ 112 ላይ ሌሎቹ ይሸጣሉ፤ 118 ላይ ሌሎቹ። እነዚህ ሁሉ ዋጋውን ወደ ኋላ ይጎትቱታል። ስለዚህ 130 ለመድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይፈጅበታል። ያ ቀስ እያለ የሚወጣው መስመር ትሬንድ ነው። መንገድ ላይ እያለ ያየው ሰው፣ ወሬውን ራሱን ባይሰማም፣ የወሬውን ዱካ አይቶ ሊሳፈር ይችላል። ክፉ ወሬ ሲሆንም ያው ነው፤ የከሰረው ሰው አልሸጥም ብሎ ስለሚይዝ ዋጋው በአንዴ አይወድቅም፣ እየተንጠባጠበ ይወርዳል።

ሌላም ዱካ አለ፤ የትልቁ ገዢ ዱካ። እኔ በዱቄት ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ፋብሪካው 3,000 ኩንታል ስንዴ ሲፈልግ የግዢው ሠራተኛ ሄዶ «3,000 ኩንታል እፈልጋለሁ» ይላል? አይልም፤ ካለ በዚያው ሰዓት ዋጋው ጣሪያ ይነካል። ሦስት ደላላ ይልካል፣ በተለያየ ቀን፣ 150ም 200ም እያስገዛ። ነጋዴው ላያውቅ ይችላል። ኩሊዎቹ ግን ያውቃሉ! የሚሸከሙት ጆንያ በዛ። ዋጋው ትንሽ ትንሽ እየወጣ ጆንያው ከወትሮው በእጥፍ ከተንቀሳቀሰ አንድ ትልቅ ሰው እየገዛ ነው፤ ገና አልጨረሰም ማለት ነው። ዋጋው ወጥቶ ጆንያው ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ወሬ ብቻ ነው። አሜሪካ ያለ የጡረታ ፈንድም እንደኛ የግዢ ሠራተኛ ነው የሚያደርገው፤ ሁለት ሚሊዮን አክሲዮን ቢፈልግ ቆራርሶ ለቀናት ይገዛል። ቻርቱ ሥር የምታዩዋቸው ቋሚ እንጨቶች፣ ቮልዩም የሚባሉት፣ የኩሊዎቹ ቆጠራ ናቸው። ኮርስ የወሰዳችሁ ልጆች ይህን ትታችሁ አሥራ ሁለት ባለ ቀለም መስመር ስትጭኑ አያለሁ። ኩሊውን ጠይቁ!

የጃፓኑን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁና ልለፍ፤ ደስ ስለሚለኝ ነው። አሁን በስልካችሁ የምታዩት ካንድል፣ የመክፈቻ፣ የመዝጊያ፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋን አንድ ላይ የያዘችው ሻማ፣ የመጣችው ከሩዝ ገበያ ነው ይባላል። ኦሳካ ውስጥ ዶጂማ የሚባለው የሩዝ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1730 ከሾጉኑ፣ ከጃፓን የጦር ገዢ፣ መንግሥት ፈቃድ አገኘ፤ ነጋዴው የወደፊት ሩዝ በወረቀት ይሸጥበት ነበር። የሳካታው ነጋዴ ሆማ ሙኔሂሳ የዚህ ዘዴ አባት ተደርጎ ይነገርለታል። አሜሪካ ውስጥ ቻርልስ ዳው የ12 ኩባንያዎችን አማካይ ዋጋ ማተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1896 ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር 40.94 ነበር። በእኛ አቆጣጠር የዓድዋ ድል በተገኘ በሁለት ወር ከምናምን ማለት ነው። ሩዝም ሆነ የፋብሪካ አክሲዮን፣ የእህል ነጋዴ የልጅ ልጅ የሆነ ሰው ነገሩን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

አሁን ወደ ክብ ቁጥር ልሂድ። የካራው ሰውዬ ለምን 13,000 አለ? ለምን 12,870 አይልም? ሰው ክብ ቁጥር ይወዳል። ካሮል ኦስለር የተባለች ተመራማሪ የአንድ ትልቅ ባንክ ደንበኞች በምንዛሪ ገበያ ያስቀመጧቸውን ትዕዛዞች አግኝታ ቆጠረቻቸው፤ ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። «ትርፌን ሰብስብልኝ» የሚሉት ትዕዛዞች ልክ ክቡ ቁጥር ላይ ተከምረው አገኘች። «ኪሳራዬን ቁረጥልኝ» የሚሉት፣ ስቶፕ የምንላቸው፣ ደግሞ ክቡን ቁጥር አለፍ ብሎ ተከምረዋል። እንግዲህ ዋጋው ወደ 100 ሲወጣ ምን ይገጥመዋል? መጀመሪያ የትርፍ ሰብሳቢዎቹን ክምር፤ እነሱ ስለሚሸጡ ብዙ ጊዜ ተመትቶ ይመለሳል። ያንን በልቶ ካለፈ ግን ከበላዩ ያለውን የስቶፕ ክምር ያገኛል፤ ዋጋው ሲወድቅ አተርፋለሁ ብለው ቀድመው የሸጡ ሰዎች ተገደው መግዛት ይጀምራሉ፤ ዋጋው ይሮጣል። «ከነካ ይመለሳል፣ ከሰበረ ይሄዳል» የሚለው የትሬደር አባባል ጥንቆላ ይመስል ነበር፤ ውስጡ ሲከፈት የትዕዛዝ ክምር ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ የምንዛሪ እንጂ የአክሲዮን አይደለም። የሰው ጠባይ ግን ያው ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ጥያቄ እዚህ መጣ፤ ከፊት ያለችው እህታችን ናት። «ሁሉም ሰው ያንኑ መስመር ስለሚያይ ብቻ አይደለም ወይ የሚሠራው?»

በከፊል አዎ። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ኬይንስ እ.ኤ.አ. በ1936 አክሲዮን መምረጥን ከጋዜጣ የቁንጅና ውድድር ጋር አመሳስሎት ነበር፤ የሚያሸንፈው ቆንጆዋን የመረጠ ሳይሆን ሌሎቹ ቆንጆ የሚሏትን የገመተ ነው። የ200 ቀን አማካይ ዋጋን ውሰዱ። 200 ቁጥሩ ውስጥ ምንም ተአምር የለም፤ 190 ቢሆን ያው ነበር። ግን ብዙ ሰው ስለሚያየው ዋጋው እዚያ ሲደርስ ብዙ እጅ ይንቀሳቀሳል። ችግሩ፣ እህቴ፣ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ቀድመው የሚነቁበት ይኖራሉ። አማካዩ 100 ብር ቢሆንና ዋጋው ወጥቶ እዚያ ሲደርስ የሚገዙ ሺዎች ካሉ፣ 99 ላይ ገዝቶ ለእነሱ የሚሸጥ ብልጥ አይጠፋም። ከዚያ 98 ላይ የሚገዛ ይመጣል። እንዲህ እያለ ነገሩ ይሟሟል። ደግሞም አማካይ ዋጋ ያለፈውን ነው የሚደምረው፤ ብዙ ጊዜ ሲነግርህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ስለዚህ ቻርት የሚሠራው በዋናነት ሁሉም ስለሚያየው አይመስለኝም። የሚሠራው ሰው ጠባዩን እያወቀም ስለማይተወው ነው። እኔ ለሚቀጥለው ፋሲካም ዓርብ 11,000 ቢባል «ገና ይወርዳል» እላለሁ። አውቃለሁ፤ እላለሁ።

ማስረጃውስ? እዚህ ጋ መዋሸት አልፈልግም። ብሮክ፣ ላኮኒሾክና ለባሮን የሚባሉ ሦስት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ጥናት፣ የዳው ጆንስን፣ የዚያን ቻርልስ ዳው የጀመረውን አማካይ፣ ከ1897 እስከ 1986 ያለ የ90 ዓመት ዋጋ ወስደው 26 ቀላል የቻርት ሕጎችን ሞከሩ። ሕጎቹ ግዛ ያሉባቸው ቀኖች ሽጥ ካሉባቸው በግልጽ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ትሬደሩ ሁሉ ጨፈረ። በ1999 ግን ሌሎች ሦስት ተመራማሪዎች ያንኑ ይዘው ቀጣዮቹን 10 ዓመታት ሲያዩ ጥቅሙ ጠፍቶ አገኙት። ከዚህ ይበልጥ የጸናው ጄጋዲሽና ቲትማን በ1993 ያሳዩት ነው፤ ባለፉት ከ3 እስከ 12 ወራት ከሌሎች የበለጡ አክሲዮኖች በቀጣዮቹ ወራትም በአማካይ ሲበልጡ፣ የወደቁት ሲወድቁ። ይህ በብዙ አገር ገበያ ተደጋግሞ ታይቷል። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2009 የጸደይ ወራት ገበያው ከወደቀበት ድንገት ሲነሣ፣ ይህን ሥልት የያዙ ሰዎች ለዓመታት ያጠራቀሙትን በወራት ውስጥ ሰጥተዋል።

እንግዲህ ቻርት ይሠራል ስል «ያውቃል» ማለቴ አይደለም። ሚዛኑን ትንሽ ያዘነብላል። ከ50 በ50 ወደ 53 በ47፣ አንዳንዴም ያን ያህል እንኳ አይሞላም። ትርፉ የሚመጣው ደግሞ ከመገመቱ ሳይሆን ከሒሳቡ ነው። ካርቶኑ ላይ ልጻፈው፦ 100 ጊዜ ገባችሁ። 60 ጊዜ ተሳሳታችሁ፤ በእያንዳንዱ 100 ብር ብቻ ከሰራችሁ፣ 6,000። 40 ጊዜ ልክ ሆናችሁ፤ በእያንዳንዱ 200 አተረፋችሁ፣ 8,000። ከግማሽ በላይ ተሳስታችሁ 2,000 ብር ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ሞራ ገላጭ 60 ጊዜ ቢሳሳት ከአገር ይባረራል። ጋሼ፣ ልዩነቱ እዚህም ጋ አለ፤ ቻርት አንባቢ ስሕተቱን አስቀድሞ ዋጋ ያወጣለታል።

ይህን በቃል ማለት ቀላል ነው። የራሴን ልንገራችሁ። ወንድሜ አሜሪካ ነው፤ ሒሳቡ የሱ ነው፤ እኔ ሌሊት ሌሊት ቻርት አይቼ እነግረዋለሁ። አንድ ጊዜ 100 አክሲዮን በ42 ዶላር አስገዛሁት። ከመግባታችን በፊት 38 ላይ ስቶፕ አልኩ። 39 ሲደርስ አንጀቴ አልቻለም፤ ሰፖርቱ ትንሽ ዝቅ ይላል ብዬ ስቶፑን ወደ 35 አወረድኩት። ስማ፣ ሰፖርቱ አልተንቀሳቀሰም፤ የተንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ። 38ን ሰብሮ 36 ላይ ገበያው ተዘጋ። ያን ማታ ኩባንያው የሩብ ዓመት ሪፖርቱን አወጣ። በማግሥቱ ገበያው ሲከፈት 24 ላይ ነበር። በመካከል አንድም ዋጋ የለም፤ 35 ላይ ያስቀመጥኩት ስቶፕ በ24 ተሸጠ። 1,800 ዶላር። መጀመሪያ ባልኩት ብጸና 400 ነበር። ወንድሜ ሥራ ላይ ሆኖ ደወለ፤ አልተቆጣም፣ እሱ ነው የከፋው። «ቻርቱ እኮ 38 ላይ ነግሮህ ነበር» አለኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከዚያ ወዲህ ስቶፕ የምጽፈው ገበያው ተዘግቶ እያለ ነው፣ በወረቀት፤ ባለቤቴም ታየዋለች።

ከዚህ ታሪክ ሌላም ነገር ልብ በሉ። ከ36 ወደ 24 የተዘለለው ቻርት ላይ ሊታይ አይችልም ነበር። ቻርት የሚያየው ሰው ያደረገውን ነው፤ ማንም ገና ያልሰማውን አያይም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1987 በአንድ ሰኞ ዳው ጆንስ 22.6 በመቶ ሲወድቅ፣ መስመር አሰማሪውም ኢኮኖሚስቱም እኩል ነው የደነገጡት።

ጥያቄ ያላችሁ።

(አንድ ወጣት በቴሌግራም ሲግናል ስለሚሸጡ ሰዎች ጠየቀ፤ በወር ከፍለህ «አሁን ግዛ፣ አሁን ሽጥ» ስለሚሉህ።)

አጭር መልስ፦ የሚሠራ ነገር ያለው ሰው በወር 500 ብር አይሸጥልህም። ረዥሙ መልስ ደግሞ ይኸውልህ። ባርበርና ኦዲን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1996 የ66,465 ቤተሰቦችን የአክሲዮን ሒሳብ አጥንተዋል። በእነዚያ ዓመታት ገበያው በዓመት 17.9 በመቶ ሲሰጥ፣ ብዙ ጊዜ የሚገዙና የሚሸጡት ያገኙት 11.4 በመቶ ነው። ሞኞች ስለሆኑ አይደለም፤ በየግዢው በየሽያጩ ለደላላው የምትቆረጠው ትንሽ ብር ተጠራቅማ ነው። ያቺ 53 በ47 የምንላት ቀጭን ጥቅም በቀን አሥር ጊዜ ከነገድክባት ደላላው ይበላታል። ሲግናል ሻጩ ደግሞ በቀን አሥር ጊዜ ካልላከልህ ወርሃዊውን አትከፍለውም። አየኸው አይደል? ገንዘብ ስጡኝ የሚል ደላላ ከመጣም የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የሰጠው ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ። ማጉረምረም ከጀመረ ተነሡ።

(እዚህ ላይ ሦስተኛ ረድፍ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። የኢትዮ ቴሌኮምን አክሲዮን በቴሌብር 33 ገዝተዋል። «የኔንስ ቻርቱን አይተህ ልሽጥ ወይስ ልያዝ በለኝ» አሉ።)

እትዬ፣ እርስዎ የገዙት አንዱን በ300 ብር፣ በ9,900 ብር ነው አይደል? ያ 300 ብር ተተምኖ የቀረበልዎ ዋጋ ነው እንጂ ሰው ተሻምቶ ያወጣው አይደለም። እዚያ ላይ የሚነበብ ቁጭት የለም፤ ሁላችሁም በአንድ ዋጋ ነው የገዛችሁት። የአክሲዮን ገበያችን ሥራ የጀመረው በእኛ አቆጣጠር ጥር 2017 ነው፤ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኖ። በንጉሡ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ አክሲዮን የሚገበያዩበት ነበር፤ በደርግ ውርስ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ትውልድ ሰፖርት ሬዚስታንስ ሳያይ አድጓል። ቻርት እንዲነበብ በየቀኑ የሚጋፋ ሻጭና ገዢ ያስፈልጋል። በሳምንት ጥቂት ሰው ብቻ የሚገበያይበት አክሲዮን ላይ መስመር ማስመር ያን ጊዜ እውነትም ሞራ ማየት ነው። አንድ ሰው ልጁን ሊድር ቸኩሎ ቢሸጥ «ሰፖርት ተሰበረ» ልንል ነው! ስለዚህ የእርስዎን በቻርት አላይልዎትም። ኩባንያው ስንት አተረፈ፣ ስንት አከፋፈለ፣ ዓመታዊ ሪፖርቱ ምን ይላል፤ እሱን ለልጅዎ ሰጥተው ያስነብቡ። እኔም ላነብልዎ እችላለሁ፣ ሒሳብ ሥራዬ ነው።

«እሺ ይሁን» አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ «ያ የካራው ሰውዬ ግን ዘንድሮ ሐሙስ 13,000 ቢሰጡት ይሸጣል?»

እሱማ ይሸጣል፣ እትዬ። አምናውን መቼ ረሳው። ግን ዘንድሮ ሐሙስ ቶሎ ለመሸጥ የወሰነው እሱ ብቻ ካልሆነ፣ 13,000 የሚለው ገዢ አይኖርም።